«ሴ»ን በጣት ፍለጋ

ፊደል ቆጠርን የምንል ሰዎች አብዛኞቻችን የቆጠርነው በዜማ ነው። ካላመናችሁኝ አንድ ልጅ ጠርታችሁ «ሴ»ን አሳየኝ በሉት። ከ«ሰ» ተነሥቶ፣ ሱን ሲን ሳን እያዳረሰ፣ ሰው እንደሚጭን ባጃጅ በየቦታው እየቆመ ነው የሚደርስላችሁ። መንገድ ላይ ካቋረጣችሁትማ ተመልሶ ከ«ሰ» ይጀምራል።

እኔ ፀዳ አካባቢ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን በዜማ የሚያህላቸው የለም፤ ሲጽፉ ግን «ቤት» «ቢት» ይሆናል። ጮህሁ፣ አስጮህሁ፤ ያተረፍሁት የጉሮሮ ሕመም ነው። የማትሳሳተው ቤዛ ብቻ ነበረች። እንዴት እንደቻለች ብጠይቃት ቀኝ እጇን አንሥታ ጣቶቿን አሳየችኝ። እናቷ ወይዘሮ ሙሉ መስማት ስለማይችሉ የሚነጋገሩት በምልክት ቋንቋ ነው። ስም ሲመጣ ፊደል በፊደል በጣት ይጽፉታል፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ «ሰ» ይሁን «ሴ» ይለያል። እጅ አያዜምም፤ የሚሄድበትን ማወቅ አለበት።

ቆረጥሁና ወይዘሮ ሙሉ ዘንድ ለመማር ሄድሁ። መጀመሪያ ስሜን በጣቴ ጽፌ ባሳያቸው በሣቅ ፈረሱ። ቤዛ እንደተረጐመችልኝ፣ ሰላም ነኝ ያልሁ መስሎኝ «ሱላም» ብያለሁ። የፊደል መምህርት ይሏችኋል እኔን ነው! ቢሆንም ጣቴ እስኪገራ ተመላለስሁ፤ ከዚያም ለክፍሉ አስተማርሁ። ልጆቹ በእርሳስ ሲጽፉ የሚስቱትን ቃል በጣታቸው ሞክረው ሲጽፉት አልስት አሉ።

ነገር ግን ሸጋ ነገር ጠላት አያጣም። የተማሪዬ የአልማዝ አባት አያ ታረቀ፣ ከቆላ ድባ የመጡ ኮስታራ ሰው፣ ርእሰ መምህሩ ፊት ከሰሱኝ።

«ምነው መምህርት? ልጄ ጆሮም ምላስም አላት። ስለምን አፏን ታስይዣታለሽ?»

ካልተወች ልጄን አስወጣለሁ አሉ። ርእሰ መምህሩም ነገሩ እንዲቀር ፈለጉ። እኔ ግን አልተውሁም፤ አያ ታረቀን ክፍል አስገብቼ፣ የፈለጉትን ቃል ለልጅዎ ይጥሩላት አልኋቸው። የእርሻ ሰው አይደሉ? «ጤፍ» አሉ፣ «ጌሾ» አሉ፣ ጭራሽ «ቤተ ክርስቲያን» አሉ። አልማዝ በአንድ እጇ እየሞከረች በሌላው ጻፈች። አንዲት ስሕተት አልተገኘም። አያ ታረቀ ወረቀቱን ደጋግመው አይተው፣ «ደግ» ብለው ወጡ። አልማዝም ክሱም ባሉበት ቀሩ፤ አልማዝ ከክፍሌ፣ ክሱ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ።

አሸነፍሁ ብዬ ስኩራራ ሰንብቼ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሙሉ ቤት ስገባ አያ ታረቀ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ሌላ ክስ ነው ብዬ ወገቤን ያዝሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጫወቱኝ፤ አልማዝ ለእህቷ አስተምራታለች፣ አሁን ማዕድ ላይ ሁለቱ ጣታቸውን ያወናጭፋሉ፣ እሳቸውን አየት ያደርጋሉ፣ ከዚያ ይሥቃሉ።

እንግዲያው ከመጀመሪያው ፊደል እንነሣ ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሁሉን ለመማር ዕድሜዬ አይበቃም፣ ልጄ። ‹ሰምቻለሁ› የሚለውን ብቻ አሳይኝ።»