ሊቀ ነፋሳትና ቀዩ ውሃ

በየቤተሰቡ ሳይለካ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የደረሰን የእህቴ ባል ነው፤ እኔ «ሊቀ ነፋሳት» እለዋለሁ። ቤቴ ሲመጣ ወንበር ከመሳቡ በፊት ከኪሱ የሱፍ ክር ያወጣና የበሩ ስንጥቅ ላይ ያንጠለጥላል። ክሩ ሲወዛወዝ ያይና «ነፋሱ በዚህ በኩል ይገባል» ብሎ ይፈርዳል። እህቴ «በረደኝ» ብትለው እንኳ መልሱ ያው ነው፦ «ለክተሽዋል?»

ይህ ሰው ጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን ሠራ። አዎ፣ ሰው ጭኖ የሚበር አውሮፕላን! መኪናው ደጅ ሲያድር ኖረ፣ ክንፉ ሳሎን ድረስ ገባ፣ እህቴም ቻለችው። ያልቻለችው ሞተሩን ነው። ከተነሳ ትንሽ ሳይቆይ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ይነካል፤ ሰማይ ላይ ከጋለ ደግሞ ዳር ይዞ መቆም የለም። ሄልሜቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበትና «መርፌው ሳይወርድ አንተም አትወጣም» አለችው። ቀልድ አልነበረም።

እኔ መቼም ምክር አይጠፋኝም። «የአየር ማስገቢያውን አፍ አስፋው» አልኩት።

በሐዘኔታ አየኝ። «ለክተኸዋል?»

የአውሮፕላኑን ጭራ ከግንድ ጋር አሰረና እኔን መቀመጫው ላይ አስቀመጠኝ። ፊት ለፊቴ ቀይ ቀለም የገባበት ውሃ የያዘ፣ ታጥፎ ሁለት እግር ያወጣ ቱቦ ሰቀለ። አንዱ ጫፍ ሞተሩን ከሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ፊት፣ ሌላው ከኋላው ያለውን የአየር ግፊት ይቀበላል።

«አየሩ ራዲያተሩን ገፍቶ ካለፈ ውሃው በአንዱ እግር ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል» አለኝ።

ሞተሩ አጓራ። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፣ ውሃው ግን ንቅንቅ አላለም። ሊቀ ነፋሳት በሞተሩ ሽፋን ጎን በቆረጣት ትንሽ መስኮት ሲያጮልቅ፣ ውስጥ ያጣበቃቸው ክሮች ሁሉ ወደ ራዲያተሩ ጠርዝ ተዘርግተዋል። እዚያ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር።

«አየር ሰነፍ ነው» አለ፣ ሞተሩን አጥፍቶ። «ዳር ዳሩን መንገድ ካገኘ በጥቅጥቁ መሃል ምን አስገባው?»

እህቴ ወደ ቤት ገባች። የሶፋዋን ትራስ ቀድዳ ስፖንጁን ይዛ መጣች፤ ክፍተቱን አብረው ጠቀጠቁት።

እንደገና ሲያስነሳው ቀዩ ውሃ በአንዱ እግር ቁልቁል፣ በሌላው ሽቅብ ሄዶ ቆመ። እጄን በአፌ ጫንኩ። ማንም አይቶት የማያውቀው ነፋስ ተጠይቆ ፊት ለፊቴ መልስ ሲሰጥ አየሁ! መርፌውም ከቀዩ በታች ረጋ። እህቴ ሄልሜቱን አምጥታ ራሷ አጠለቀችለት።

ከከተማው ውጭ ካለው ሜዳ ሲነሳ እኔና እሷ እጅ ለእጅ ተያይዘን አንጋጠጥን። ያ ጋራዥ ውስጥ የማውቀው ብረት ደመናውን ታክኮ ዞረ። መሬት ሲነካ ሮጬ ተጠመጠምኩበት።

መዳፉን ደረቴ ላይ አኖረ። «ልብህ ድው ድው ይላል!»

«ፈርቼልህ ነዋ!»

«ምን ያህል?»

እህቴ ቀደመችኝ። «ይሄን እንኳ ዝም ብለህ እመን!»

ያመነ መሰለኝ፤ እጁ ወደ ክሩ አልሄደም።