የአባቴ ትከሻ በስንት ሦስት ማዕዘን ይሠራል?

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ፤ የመታወቂያዬ ፎቶ እጄን ይዞ እየጎተተ ፎቶ ቤት ሲወስደኝ።

«ይህ ሰውዬ እኔን መምሰል ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው» ብሎ ከሰሰኝ። «ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ጉንጩ ወርዷል። አስተካክሉልኝ!»

በዚያ አገር ፎቶዎች ደንበኞች ነበሩ፤ የሚታረመው ሰው ነው። መንገድ ላይ መሐንዲሶች አንድ ድልድይ አስቀድመው ሠርተው፣ ይሸከማቸው እንደሆነ ለመሞከር በኮምፒውተር ስክሪን ውስጥ ተሰልፈው ይሻገሩ ነበር። ሆስፒታል በር ላይ አንድ ሐኪም በሽተኛውን ከአልጋው አስነሥቶ የራጅ ምስሉን አስተኛ። ማንም አልገረመውም። እኔ ግን በሕልሜም ተናደድኩ።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

አባቴ መምህር ይርዳው ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ለሙት ዓመቱ የሚሆን ፎቶ ብንፈልግ የቀረችን አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት፤ አንገቱ ላይ ታበቃለች። የቀረውን አካሉን ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተር ሠራለት፤ ሱፍ አለበሰውና ትከሻውን እንደ ማስመሪያ ቀጥ አደረገው። የአባቴ አንድ ትከሻ ግን ዝቅ ያለ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጂኦሜትሪ ሲያስተምር የእንጨቱን ኮምፓስ ወደ ጎን ትቶ፣ ክቡን በእጁ ብቻ በአንድ ትንፋሽ ሲያዞር የዘመመ ትከሻ ነው። ለዚህ ትከሻ ከእኅቴ ከትርንጎ ጋር ሦስት ሳምንት ተጣልቻለሁ።

በሕልሜም ያንኑ ሱፍ ለብሶ ነበር። የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር እንደ ሰው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

«የሰው መልክ እኛ ዘንድ የሚሠራው በትንንሽ ሦስት ማዕዘን ነው» አለኝ። «ለመምህር የተፈቀደው ሁለት መቶ ነው። ለዘመመ ትከሻ አርባ ሺህ ይፈልጋል።»

«እዚያ ግድግዳ ላይ በለጠፍከው ማስታወቂያ ላለው ፎቅስ ስንት ሰጠህ?»

«አርባ ሚሊዮን።»

«ሕንፃው ተሠርቷል?»

«እሱማ አልተጀመረም። እኔ ድሮ አንዲት መስመር ለመሣል ቀኑን ሙሉ አምጥ ነበር፤ ዛሬ ባሕር ከነማዕበሉ እሠራለሁ።»

«ባሕሩን ተወውና የነበረውን ሰው እንደነበረ ሥራልኝ!»

ይህን ስል በሩ ተከፈተና የጠመኔ ሦስት ማዕዘኖች ዱቄታቸውን እያራገፉ ገቡ።

«የመምህር ልጅ አንተ ነህ?» አለኝ ጎኑ ትንሽ የጎበጠው። «ዘጠነኛ ቢ ሰሌዳ ላይ የሣሉን እሳቸው ናቸው። ደወል ሲደወል እንኳ ይቅርታ ጠይቀው ነበር የሚያጠፉን።»

እውነቱን ነው። የካኪ ኮቱ እጅጌ ሁልጊዜ ነጭ ነበር። መስመሩ ዞሮ መነሻውን ሲነካ ስልሳ ተማሪ ትንፋሹን ይውጣል፤ ከዚያ ጭብጨባ። እኔም የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ፣ አባቴ እንደሆነ ለጎረቤቴ አሥር ጊዜ እነግረው ነበር።

«እናንተ አትገቡም» አላቸው ኮምፒውተሩ። «ማዕዘናችሁ ሲደመር መቶ ሰማንያ አይሞላም።»

«መቶ ሰባ ዘጠኝ ተኩል ይሞላል! የቀረውን ጠመኔው ነው የበላው።»

ጠረጴዛውን መታሁት። «ይገባሉ! ሰውን ማለስለስ ማሳመር አይደለም፤ መደምሰስ ነው!»

ሦስት ማዕዘኖቹ በሱፉ ላይ እየተንጠላጠሉ ወጡ። የአባቴ ትከሻ ሲጥ አለና ዝቅ አለ። እሱም ሳቀ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ሳትለካ ትጮኻለህ?»

«ለአንተ እኮ ነው አባባ!»

«ለእኔ ከሆነ ቀስ በል፤ ሱፉ የተውሶ ነው።»

ስልኩ ሲጮህ ነቃሁ። ትርንጎ ናት፤ በማለዳ ፎቶ ቤት ሄዳለች።

«ጋሼ፣ በቃ አሸነፍክ። ሰውዬው ትከሻውን ዝቅ አደርገዋለሁ ብሏል። የቱን? ግራውን ነው ቀኙን?»

«አንቺ አታስታውሺም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሱ ክፍል የተማርክ አንተ፣ የተጣላህ አንተ!»

ተነሥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና እንደ እሱ እጄን አነሣሁ። ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ አየሁት። ወደ እኛ ሲዞር አየሁት። ሁለቱም ትከሻዎቹ በየተራ ዝቅ አሉ።

«ቀኙ... አይ፣ ቆይ።»

«ጋሼ፣ ሰው ተሰልፏል እኮ።»

«እኩል ይሁን» አልኳት።