ስልኬ የከበበን ዕለት

የመንዝ ሰው አቅጣጫ አይጠፋውም! ዓይኑን አስራችሁ፣ ሦስቴ አሽከርክራችሁ ብትለቁት እንኳ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ ይቆማል። እኔ ደግሞ ዘመሮ የተወለድኩ፣ ያውም ስልክ የያዝኩ መንዜ ነኝ... ይህን ፎክሬ ነው እንግዲህ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትዬ ጓሳ በሚባለው የሣር ሜዳችን መሃል የጠፋሁት።

ነገሩ የእህቴ ልጅ ሊያገባ ነው። የልጅቷን አባት ልንለምን በበቅሎ የተነሳነው ሦስት ነን፦ የንስሐ አባታችን መምሬ ጥላሁን፣ ጎረቤታችን አያ ደምሴና የመንገዱ አዋቂ እኔ። ለዚያችው ልጅ በዚያው ዕለት ከራቤል የሌላ ጎረምሳ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ሰምተናል። ቀድሞ ደጅ የቆመ ቀድሞ ይሰማል፤ ከዘገየን የእህቴ ልጅ ጉድ ፈላበት!

“ሰው እንጠይቅ” አሉ መምሬ ገና ከመነሻው።

“በዚህ ዘመን ሰው ይጠየቃል እንዴ መምሬ? የእህቴ ልጅ የልጅቷን ቤት በካርታ ልኮልኛል እኮ!” ብዬ በአቋራጭ ጓሳው ውስጥ አስገባኋቸው።

መሃሉ ስንደርስ ጉም ወረደብን። ስልኬን አወጣሁ። ያለሁበትን የሚያሳየው ነጥብ የለም፤ በነጥብ ፈንታ ክብ ተዘርግቷል። ምን የሚያህል ክብ መሰላችሁ? ሦስት አጥቢያ ከነመቃብሩ የሚውጥ! “እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ አለህ” ማለቱ ነው። ይህንንማ በቅሎዬም ታውቀዋለች!

ከሁሉ የሚያናድደው ምክሩ ነው። “ትክክለኛነቱን ለመጨመር ዋይፋይ ይክፈቱ” ይላል። ጓሳ ላይ! የማንን ዋይፋይ? የጭላዳውን? ቀጥሎ ደግሞ “ስልክዎን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሠሩ ያወዛውዙ” አለኝ። አወዛወዝኳ! ለመላው ሸዋ የሚበቃ ስምንት ጻፍኩ። ክቡ ንቅንቅ አላለም።

“ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?” አሉ አያ ደምሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“እኔንጃ። ካልተወው ጠበል አለ” አሉ መምሬ።

እኔ ስምንት ስጽፍ በቅሎዎቹ ለካ ሣሩን ይግጣሉ!

“ጓሳው ዝግ ነው! አስወጡ በቅሎዎቹን!” የሚል ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። ተከትሎም ባና የለበሰ የጓሳው ጠባቂ ከች አለ። ሣሩ እንዲያገግም ጓሳው በተዘጋበት ወቅት ከብት ያስጋጠ ሰው ምን ቅጣት እንደሚጠብቀው ለመንዝ ሰው አይነገርም። ደግነቱ መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት፣ ጉዳያችንን ነገሩት፣ የልጅቷን አባት ስም ጠሩለት። ሳቁ መጣ።

“ለሽምግልናችሁ ስል ዛሬን ልለፋችሁ። ግን ጠፍታችሁ ነው አባቴ? ቤቱ እኮ ከዚህ ጉብታ ጀርባ ነው። ውሻው ሲጮኽ አይሰማችሁም?”

ሰማን። ሦስታችንም ሰማን።

ራሱ መርቶ አደረሰን። የራቤሎቹ ገና ናቸው። ቆመን ለመንን፤ አባትየው ተግደርድረው ተግደርድረው “እሺ” አሉን፤ ጠላ ቀረበ። ልቤ መለስ ሲል ስልኬን መዥርጬ አወጣሁና እርግማኔን ለቀቅኩት። “ይሄ እኮ ግዑዝ ነው! ድንጋይ ይዤ ብሄድ ይሻለኝ ነበር!”

ጠባቂው ተቀብሎኝ ነካ ነካ አደረገው።

“ጋሼ፣ ስልኩ ምን አጠፋ? ካርታው ያሉበትን ቦታ በግምት ብቻ እንዲያሳይ ነው የታዘዘው። ትክክለኛውን እንዳያሳይ ሰው ከልክሎታል።”

“ማን ነው እንዲህ ያለ ተንኮል የሠራብህ ልጄ?” አሉ መምሬ ከልባቸው አዝነው።

ጠላዬን አንስቼ ጨለጥኩት። ለእናንተ ግን አልዋሽም፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ጓሳ ላይ ትዝ አላለኝም እንጂ። ባለቤቴ ያለሁበትን በካርታው ታየዋለች፤ በግምት ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑንና ጠጅ ቤቱን መለየት አትችልም። ዓመት ሙሉ “ኪዳን ላይ ነኝ” ያልኳት ጠጅ ቤት ተቀምጬ ነው።