ለግድግዳ ያሳተምኳት እናቴ

ስማኝ ዳዊት፣ ይቺን የድምፅ መልእክት እስከ መጨረሻው ሳታዳምጥ «እሺ» ብለህ ብትልክልኝ እንጣላለን። ተናድጃለሁ። ግን ከንዴቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ እዚህ ካርቱም የእኛ ሰው ግድግዳ ላይ ሚስማር ሲመታ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም። ጎረቤቴን እትዬ ሙሉን እያቸው። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር አስራ አምስት ዓመት ኖረዋል፤ ግድግዳቸው ግን እንደተከራዩት ቀን ባዶ ነው። ለምን ብትላቸው «እኔማ ለዘንድሮ ፋሲካ እገባለሁ፣ ኢንሻአላህ» ይሉሃል። ክርስቲያኗ ሴትዮ! ሻንጣቸው አልጋ ስር ነው፣ ግማሹ ልብሳቸውም እዚያው ውስጥ። ሚስማር መምታት ማለት፣ በቃ እዚህ ነኝ ብሎ መፈረም ነው። ማን ይፈርማል?

እኔም ስድስት ዓመት አልፈረምኩም። እናቴን በየበዓሉ «ለሚቀጥለው መጣሁ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ባዶ ግድግዳ ሳይ መዋል ሲያንገሸግሸኝ ግን አንተ፣ የምክር አባት፣ ብቅ አልክ። «ፎቶ ቤት ሄደህ አትዘረፍ፣ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር የመሐንዲስ ፕላን የሚያትሙ አሉ፤ በር የሚያክል ወረቀት በሻይ ዋጋ ያወጡልሃል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው እንጂ» አልከኝ። ያቺን የመጨረሻዋን ነገር አንተም እንደ ቀላል ተናገርካት፣ እኔም እንደ ቀላል ሰማኋት።

በሃፍላ አውቶቡስ ተጋፍቼ ሄድኩ። አታሚው ሱዳናዊ ሽማግሌ ስልኬ ላይ የእናቴን ፎቶ ሲያይ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ እኔ እኮ የቤት ፕላን ነው የማትመው» አለኝ። «እናቴ ናት» አልኩት። ስልኬን ተቀብሎ «ኻላስ፣ በቃ፣ እሷም ቤት ናት» ብሎ አተመልኝ። በዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ ደህና ነገር የተናገረ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ከኔ ቁመት ትንሽ ነው የምታንሰው! ነጠላዋን ተከናንባ፣ ኮስተር ብላ፤ ፎቶ ስትነሳ አትስቅም። ወረቀቱ እንዳይቀደድ ጠርዙን ዙሪያውን በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር አሸግኩት። ጁምዓ ጠዋት ከበሩ ትይዩ በአራት ሚስማር ሰቀልኳትና፣ በሩን ክፍት ትቼ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።

ስመለስ እትዬ ሙሉ በሬ ላይ ቆመው ደረታቸውን ይዘዋል። «ውይ የኔ ልጅ! ብቻህን ይዘኸው ዋልክ?» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

አስበው እንግዲህ። ጥቁርና ነጭ፣ ዙሪያው ጥቁር፣ ኮስተር ያለች ባለነጠላ ሴት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ፎቶ የሚወጣው ለምንድን ነው? ለድንኳን!

«ኧረ አልሞተችም!» አልኳቸው።

«አይዞህ፣ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉኝ።

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው በሰው ሞላ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ዳቦ መጣ። ዘሃራ፣ ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራዋ የወሎ ልጅ፣ የእረፍት ቀኗ ስለነበር በረክሻ ባጃጅ መጣች። ሳትወርድ ነው ማልቀስ የጀመረችው። «ወይኔ እማማ! ልጅዎን ሳያዩት!» ትላለች፤ እናቴን እኮ አታውቃትም!

«አልሞተችም እያልኩ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀና አለችና «አለመሞቷን ማን ነገረህ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የፈረስኩት። የስደተኛ መርዶ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ዓመት ይደብቁናል። «ስልኳ ተበላሽቶ ነው፣ ቤተክርስቲያን ሄዳ ነው» ይሉናል። አገር ሁሉ አውቆ፣ ባለቤቱ ነው መጨረሻ የሚሰማው። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ቢኖርስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ደወልኩ። ታናሽ እህቴ አነሳች።

«እማዬን ስጪኝ።»

«ቤተክርስቲያን ሄዳለች።»

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ ሙሉ ለሰዉ «አሁን ገባው» አሉ። አለቀስኩ ዳዊት። በገዛ እጄ በሰቀልኩት ፎቶ ስር፣ ስድስቱን ዓመት ባንድ ላይ አለቀስኩት።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እናቴ! ሁሉም ይስማ ብዬ ድምፁን ለቀቅኩት። ነገሩን ስነግራት ሳቀች፤ «ማን ማን አለቀሰልኝ?» ብላ ስም በስም አስጠርታ መረቀች። ግቢው በሳቅ ሞላ፣ የለቅሶው ዳቦ ለደስታ ተቆረሰ። ከዚያ ድንገት፦

«ቆይ፣ በምንድን ነው የሰቀልከኝ?»

«በሚስማር።»

የግቢው ሳቅ ተቆረጠ፤ ሁሉም ገባው።

«እኔን ግድግዳ ላይ ካደረግከኝማ» አለች ቀስ ብላ፣ «መምጣቱን ትተኸዋል ማለት ነው።»

«ኧረ እመጣለሁ እማዬ» አልኩ።

«ለፋሲካ» አለች እሷው ጨምራ፣ ልታግዘኝ።

እትዬ ሙሉ እንደገና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። አሁን ግን ለእናቴ አልነበረም።

ሰዉ ሲበተን አወረድኳት። ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ልከታት ብል ትረዝማለች። እንዳላጥፋት እናቴ ናት። መልሼ በነዚያው አራት ሚስማሮች ሰቀልኳት።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ሙሉ የጣት ጥፍር የምታክል ፎቶ በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። ትተዋት የመጡት ልጃቸው ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው ፎቶው ላይ፣ አሁን ሃያ አንድ ሞልቷታል። «ማተሚያ ቤቱ የት ነው? ጥቁርና ነጭም ቢሆን ግድ የለኝም» አሉኝ። ቀጥለው፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ሚስማር ተርፎህ ይሆን?»

አራት ሰጠኋቸው። የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው ዳዊት። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።