ምንም አይታይህም?

(ሚዛን ተፈሪ። የእንግሊዝኛ መምህሩ አስረስ ትናንት ጅማ ከነበረው ሥልጠና ተመልሶ ቤቱ ተቀምጧል። ጎረቤቱ ቡና ነጋዴው ባየ አጠገቡ አለ። ዝናቡ ስለሚንጫጫ ይጯጯሃሉ።)

አስረስ፦ አይደለም አልኩህ! «ዩ ሉክ ዲፈረንት» ስድብ አይደለም!

ባየ፦ «ተለውጠሻል» ማለት አይደል ጋሼ? እኔ ሚስቴን እንዲህ ብላት ዘመዶቿን ሰብስባ ትመጣብኛለች።

አስረስ፦ በአማርኛ ጠብ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ማስተዋል ነው። ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ስታያት ትላታለህ።

ባየ፦ የተለወጠውን ነገር ካላወቅኩትስ?

አስረስ፦ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው! ምን እንደተለወጠ አይጠቅስም። የፈረንጅ ብልሃት!

ባየ፦ እሺ፤ አንዲት ሴት ባሏን «ምንም አይታይህም?» ብትለው፣ እሱ ደግሞ «ርቦኛል» ቢላትስ?

አስረስ፦ «ርቦኛል» አልካት? አንተ ድንጋይ!

ባየ፦ እኔ እንኳ አላልኩም...

አስረስ፦ ጮክ በል፣ አይሰማም! የዘንድሮ ዝናብ ደግሞ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚጮኸው?

ባየ፦ (ወደ ጣራው ቀና ብሎ) ዝናቡስ ያው የድሮው ነው። ሴትዮዋ ግን በጣም ከፍቷታል። ስታለቅስ አድራ ጓዟን ሸክፋለች። ቴፒ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ነው።

አስረስ፦ ትሂድ! ዓይን እያለው የማያይ ባል ምን ያደርግላታል?

ባየ፦ ይፈርዱበታል?

አስረስ፦ ያለ ይግባኝ!

ባየ፦ እንግዲህ ጋሼ፣ የመጣሁት ለሽምግልና ነው። ሴትዮዋ ተሾመች ናት።

አስረስ፦ የትኛዋ ተሾመች?

ባየ፦ የእርስዎ። ጅማ ሳሉ የጓሮዋን ቡና ሸጣ፣ የሣር ክዳኑን አስነስታ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሳዋለች።

(አስረስ ቀስ ብሎ ሽቅብ ያያል።)

ባየ፦ ሥልጠናው ስለ ምን ነበር ጋሼ?

አስረስ፦ ስለ... ክፍል ምልከታ።

(ተነሥቶ በሩ ላይ ይቆምና ጓሮ ወዳለው ማድ ቤት ይጮሃል።)

አስረስ፦ ተሾመች! አየሁት! አምሮበታል!

ተሾመች፦ (ከማድ ቤት) ምን? አይሰማኝም!

አስረስ፦ ዩ ሉክ ዲፈረንት!

ተሾመች፦ ምን?

ባየ፦ ቆርቆሮው አያሰማም ጋሼ። ይሂዱና ይንገሯት።

አስረስ፦ (ጭቃውን አይቶ፣ ጫማውን አይቶ፣ ተመልሶ ይቀመጣል) ግዴለም፣ ዝናቡ ሲያባራ እነግራታለሁ። የቴፒው መኪና የሚነሣው መቼ ነው?

ባየ፦ ዝናቡ ሲያባራ።