ኦቦ ፈዬራ እና የታሪኩ መልእክት

በዚህ አገር ልብ ወለድን የሚገድሉት የማያነቡ ሰዎች አይደሉም። የማያነብ ሰው ምን አደረገ? መጽሐፉን እንደተዘጋ ይተወዋል፤ መጽሐፉም በሰላም ይኖራል። ገዳዮቹ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እሺ፤ መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚሉት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አይጠፋም። አዲስ ዓለም አለ፤ ጌዶ አለ፤ ሸነንም እንደሚኖር እምላለሁ። የአምቦውን ግን የሚስተካከል የለም። ክቡርነታቸው ኦቦ ፈዬራ፣ የምዕራብ ሸዋ የጭብጥ ዋና መርማሪ!

ኦቦ ፈዬራ ዕድሜያቸውን የፈጁት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። በእጃቸው ያለፈ ወረቀት ሁሉ መጨረሻው ላይ ውሳኔ ነበረው፤ ወይ ተፈርዷል፣ ወይ ተዘግቷል። ጡረታ ወጥተው ወደ ልብ ወለድ ሲዞሩ ያንኑ ፈለጉ። «ይህን ሁሉ ገጽ አንብቤ ለማን እንደተፈረደ ካላወቅሁ፣ ይግባኝ የምለው የት ነው?» ይላሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የምራቸውን ነው።

አንድ ጊዜ ከጌዶ አብረን ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አስቂኝ ፊልም ተከፈተ። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ኦቦ ፈዬራም ስቀዋል፤ እንባቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ፊልሙ እንዳለቀ ግን ፊታቸውን ሰብስበው ወደ ረዳቱ ዞሩ።

«መልእክቱ ምንድን ነው?»

«ሂሳብ ነው ኦቦ!» አለ ረዳቱ። «ያልከፈላችሁ ክፈሉ ነው መልእክቱ!»

ባለቤታቸው አዴ አስካለች ደግሞ ከዚህ የባሰ ታሪክ አላቸው። «ልጅ ሆነን መጀመሪያ ፈገግ ያልኩለት ቀን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ኤርጋን ኢሳ ማሊ?› መልእክቱ ምንድን ነው አለኝ እኮ! ‹ሽማግሌ ላክ ነው አንተ ደንቆሮ!› አልኩት። ላከ።» ይህን ሲያወሩ ኦቦ ፈዬራ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። ግልጽ መልእክት ነበር፤ ግልጽ ውሳኔ ተሰጠበት። ምኑ ያስቃል?

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ጎሚስታ የሆንኩ ሰው ነኝ። ልብ ወለድ ማንበብ የተማርኩት በከተማው መውጫ፣ በተነፈሰ ጎማና በተነፈሰ ጎማ መካከል ነው። መጽሐፎቹ የኦቦ ፈዬራ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ ካለችው የቆርቆሮ ሳጥን አንድ ያወጡና ያውሱኛል፤ ስመልስ መልእክቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተናገርኩ ሌላ የለም። እኔም ብልጥ ሆንኩ። «ትዕግሥት መልካም ነው» የሚል አዘጋጀሁ፤ «ስግብግብነት ያጠፋል» የሚልም ጨመርኩ። ለየትኛውም መጽሐፍ ይሠራሉ፤ ሞክሯቸው። ባለታሪኩ ቢሞትም ቢያገባም ትዕግሥት መልካም ነው።

ንዴቴ ግን እሳቸው ላይ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቶቻችን ምን እያደረጉ ነው? ልጁ ገና ከባለታሪኩ ጋር መንገድ ሳይጀምር «ጭብጡን በሁለት መስመር ጻፍ» ይሉታል። እሱም ያልወደደውን ነገር በሁለት መስመር ጽፎ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ በእጁ አይነካም። ስንቱ የተማረ ሰው ነው «እኔ እንኳን ልብ ወለድ አይገባኝም» እያለ እንደ ተከሳሽ አንገቱን የሚደፋው! ማን ከሰሰህ? ዘፈን ስትሰማ ሁሉ ገብቶህ ነው የምትወዛወዘው?

ይህንኑ አንድ ቀን ለኦቦ ፈዬራ ፊት ለፊት ተናገርኩ። በ2011 ዓ.ም. ይመስለኛል። ያዋሱኝ ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቤት ይሠራል፤ ሲጨርስ ደጃፉ ላይ ይቀመጥና አልገባም ይላል። አለቀ። ይኸው ነው። እኔ ግን የሰው ጎማ ነፍቼ ሳልጨርስ ጥዬ፣ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ እስከዛሬ አላውቅም።

«እሺ ጅሩ፤ መልእክቱስ?» አሉኝ መጽሐፉን ሲቀበሉ።

«የለውም።»

«እንዴት የለውም?»

«አልገባኝም ኦቦ ፈዬራ። አልገባኝም፤ በጣም ወድጄዋለሁ።»

«ካልገባህ ምኑን ወደድከው?»

ደሜ ፈላ። «ጉደር ፏፏቴ ሄደው አፍዎን ከፍተው የቆሙ ጊዜ ምን ገብቶዎት ነው? የፏፏቴው መልእክት ምንድን ነው?»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። መነጽራቸውን ወልውለው መልሰው አደረጉት።

«ፏፏቴውን ማንም ቁጭ ብሎ አልጻፈውም» አሉኝ። «ይህን ግን አንድ ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ ተቀምጦ ጽፎታል። ሰው ይህን ያህል ለፍቶ ሲያናግርህ ምን ማለቱ እንደሆነ አለመጠየቅ፣ ለእኔ ንቀት ነው።»

ለዚህ «ትዕግሥት መልካም ነው» አይሠራም። እሳቸውም መልእክቱን ሳልናገር ሌላ መጽሐፍ አወጡልኝ። እያጉረመረሙ ነው፤ ግን አወጡልኝ።

ስለዚህ ምስጋናዬን እዚህ ላይ ካላስቀመጥኩ ውሸታም ነኝ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እኔን የሚጠይቀኝ ጎማው መቼ እንደሚደርስ ነበር። እጁ ግሪስ ለሆነ ጎሚስታ መጽሐፍ አውሶ «ምን መሰለህ?» ያለ ሰው ኦቦ ፈዬራ ብቻ ናቸው። ጥያቄው ያናድዳል፤ የጠየቁኝ ግን መልስ ሊኖረኝ እንደሚችል ስላመኑ ነው። ዛሬ ይህን ዓምድ የምጽፈው ከእሳቸው ጋር እየተጨቃጨቅሁ በተማርኩት አፍ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ልጃቸውን ቢሊሴን አያጽናናትም ነበር። ቢሊሴ ጌዶ ታስተምራለች። በልጅነቷ ያልጻፈችው ታሪክ የለም፤ ግን እያንዳንዱን ለአባቷ ስታሳይ ያችው ጥያቄ ትመጣለች። ዘጠነኛ ክፍል ላይ መጻፍ አቆመች። ዓመታት አልፈው አንድ አጭር ልብ ወለድ ጻፈችና እኛ አምቦ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በምናዘጋጀው የንባብ መድረክ ልታነብ ፈቀደች።

«ጋሽ ጅሩ፣ አባዬ ከመጣ ግን አላነብም» አለችኝ። «እዛ ሰው ፊት ‹መልእክቱስ› ካለኝ ሁለተኛ ብዕር አልይዝም። የምሬን ነው።»

«አይመጡም» አልኳት። መጡ። ያውም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አዴ አስካለችን አስከትለው፣ የፊተኛው ወንበር ላይ። ቢሊሴ መድረኩ ላይ ሆና ስታያቸው ወደ እኔ አፈጠጠች። እኔ ለአስተያየት ሰጪ የሚሰጠውን ማይክራፎን አጥብቄ ያዝኩ። እጃቸውን ቢያወጡ፣ እግዜር ይይልኝ፣ አልሰጣቸውም።

አነበበች። አንዲት ሴት በየገበያው ቀን በሬ እየጎተተች ጌዶ ከብት ተራ ትወጣለች፤ ማንም የማይከፍለውን ዋጋ ትጠራለች፤ በሬውን ይዛ ትመለሳለች። አንድ ቀን አንድ ሰው እሺ አላት። ሸጠች። በሚቀጥለው ገበያ ገመዱን ብቻ ይዛ መጣችና በፊት በምትቆምበት ቦታ ቆመች። ታሪኩ እዚያ ላይ ቆመ።

ኦቦ ፈዬራ እጃቸውን አወጡ።

እኔ ሳልሰጣቸው ተነሡ፤ የእሳቸው ድምፅ ማይክራፎን አይፈልግም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ቢሊሴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሴትዮዋ…» አሉና ቆሙ። «ሴትዮዋ ገመዱን ይዛ ለምን እንደተመለሰች አልገባኝም።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ግን እንዳትነግሪኝ» አሉ። «እንደገና አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

ቢሊሴ ዓይኗን ገለጠች። ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው። እንደገና አነበበች። ኦቦ ፈዬራ አልተቀመጡም፤ የወንበራቸውን መደገፊያ ይዘው ቆመው ሰሙ። ገዢው እሺ ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ታሪኩን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ከዳር እስከ ዳር የሰሙት ኦቦ ፈዬራ፣ የጭብጥ ዋና መርማሪው፣ እጃቸውን ወደ መድረኩ ዘርግተው ጮኹ።

«ሂን ጉርጉሪን! አትሽጪው!»

ከኋላ ሌላም ሰው «ኧረ አትሽጪው!» ብሎ ጮኸ። እኔ ነኝ።