ሰባት ቤት የተቆጠረለት ፒክአፕ

ወንዶች መኪና ሲመርጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጨው የት እንደሚቀመጥ በገዛ ቤቱ የማያውቅ ሰውዬ፣ የመኪና ኮፈን ሲከፈት ድንገት ሊቅ ይሆናል። እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ሞተሩን ትክ ብሎ ያይና «እህም» ይላል። «ምን አየህ?» ብትሉት ደግሞ «እህም» ይላል። ይኸው «እህም» ግን ለሌሎቹ ይበቃል፤ እነሱም በተራቸው «እህም» ይላሉ። ሽኩና ዳሌት በሚባል ሰፈር ስኖር ዕድሜዬ ሄደ፤ ከዚህ ቃል የዘለለ የመኪና ዕውቀት ከአንዳቸውም አፍ ሲወጣ አልሰማሁም። ዋሸሽ የሚለኝ ካለ ይምጣና እንሟገት።

ይህን ሁሉ የምለው ወድጄ አይደለም። ባሌ ፈንታሁን ፒክአፕ ገዛ።

መኪና አላስፈለገውም አልልም፤ አስፈልጎታል። ሥራው ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ የሰፈራችን አውቶቡስ ደግሞ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ሞልቶ ዐይናችን እያየ ያልፋል። በዚህ የተነሣ ሲያረፍድ፣ ሲያረፍድ፣ መናሄሉ ማለትም አለቃው ቢሮ ጠርቶ «ከእንግዲህ አንድ ቀን ብታረፍድ ሌላ ሥራ ፈልግ» አለው። ፀጉሩ ለሸበተ ሰው ሌላ ሥራ ከየት ይመጣል? እንቅልፍ አጣሁ። «መኪና እንግዛ» ያልኩት እኔው ነኝ፤ እኔ ያልኩት ግን ትንሽ፣ ነዳጅ ቀመስ አድርጋ የምትሄድ፣ የአቅማችን የሆነች መኪና ነበር።

«ተጎታቹስ?» አለኝ። ተጎታቹ የሰፈራችን የለቅሶ ድንኳንና ወንበር የሚጫንበት ጋሪ ነው። ሰው ሲሞት ከመኪና ኋላ አስሮ የሚያደርስ ይፈለጋል። ይህ በየቀኑ ነው? አይደለም፤ አልፎ አልፎ ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በየቀኑ ለሚነዳው ሰው ሳይሆን አልፎ አልፎ ለሚሞተው ሰው መኪና ምረጡ ተባለ።

አማካሪ እንደሆነ ሞልቷል። አንዱ «ሶላር ካልጠጣ አይጎትትም» ይላል፤ ናፍጣ ማለቱ ነው። ሌላው «ባለ ሁለት ጋቢና ካልሆነ ምኑን ፒክአፕ ሆነ?» ይላል። ሦስተኛው «በአራቱም ጎማ የሚነዳ» ብሎ ሙጭጭ አለ። ከእኛ በር እስከ ኤመቅ ሳራ እኮ አስፋልት ነው! ባሌን ለሥራ ሳይሆን ለአሸዋ ጦርነት የሚያዘጋጁት መሰለኝ። በዚህ አገር የፓርላማ ምርጫ መደጋገሙን ለምደናል፤ የዚህን ያህል የተንዛዛ ግን አላየሁም።

በመጨረሻ አድማሱ የሚባል ሻጭ ተገኘ። እዚሁ ከተማ ይኖራል፤ ለሃቪም የምትባል ጎረቤት ከተማ እየሄደ የሰው ግቢ አትክልት ይንከባከባል። ሳቂታ ነው። የሳቂታ ሰው ዕቃ ድሮም ያስፈራኛል። ያገለገለ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ ወደ ብዲካ ቤት ይወሰዳል፤ እዚያ ሰቅለው ከሥሩ ይመረምሩትና ሕመሙን ይነግሯችኋል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። «ከብዲካ በፊት እጅ መጨባበጥ የለም!» ብዬ አስጠነቀቅሁና አብሬያቸው ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

የፈንታሁን አጎት አባባ ተገኘ ለሽምግልና ተይዘው መጥተዋል። ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና «እህም» አሉ። ከዚያ መኪናውን ትተው ሰውየውን መመርመር ያዙ።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

አለቀልን አልኩ። ሰባት ቤት መቁጠር አባቶቻችን ያወጡት ለጋብቻ ነው፤ ወንድም እኅቱን ሳያውቅ እንዳያገባ። ለፒክአፕ የቆጠሩ የመጀመሪያው ሰው አባባ ተገኘ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከራሱ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት ሲወጡ ቆዩና አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። የአድማሱና የባሌ ቅድመ አያቶች ለካ የአንድ እናት ልጆች ናቸው! ተሳሳሙ፣ ተቃቀፉ። የአባባ ተገኘ ዐይን እንባ አቀረረ።

«ብዲካውስ?» አልኩ።

ሠርግ ቤት ገብቼ ፍቺ ያነሣሁ ይመስል ሁሉም ዞረው አፈጠጡብኝ።

«ምነው የሺ!» አለኝ ፈንታሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሥጋዬን በማሽን ላስመርምረው?»

«ሥጋህን ማን ነካው! መኪናውን ነው ያልኩህ!»

ሰሚ የለም። ቁልፉ በምርቃት ተሰጠ።

አልዋሽም፣ ለትንሽ ጊዜ ሠርቷል። ፈንታሁንም በሰዓቱ እየገባ፣ መናሄሉም ሰላምታ እየሰጠው ሰነበቱ። ከዚያ ሰው ሞተ። ተጎታቹን ከኋላ አሰሩ፣ ድንኳኑን ጫኑ፣ ከሰፈር ወጥተው አንዲት አቀበት እንደ ጀመሩ መኪናው መሽተት፣ ከዚያም መጨስ ጀመረ። ፍሪሲዮኑ ነዶ አለቀ። ድንኳኑን ሌላ ሰው አደረሰው፤ ሊጎትት የተገዛው ፒክአፕ ራሱ ተጎትቶ ተመለሰ። መካኒኩ ገና ሲያየው ሳቀ። «ካምቢዮውም ከሄደ ቆይቷል፤ ጎንበስ ብሎ ያየ ሁሉ ያውቀው ነበር» አለን። ጎንበስ ያለ ከየት ይምጣ፤ ሁሉም ሽቅብ ዘር ሲቆጥር ነበር።

ለነገ ጠዋት ያ የማይታመን አውቶቡስ ብቻ ቀረን። ደሜ ፈላ። ለአድማሱ ደወልኩና የልቤን ነገርኩት።

«እኅቴ ሙች፣ እኔም ስገዛው አላስመረመርኩትም» አለኝ። «ከአክስቴ ልጅ ነዋ የገዛሁት!»

ስልኩን ወሬውን ሰምተው ለመጡት ለአባባ ተገኘ ሰጠኋቸው። እሳቸው አልተቆጡም። «ልጄ አድማሱ» አሉት በቀስታ፣ «የወንድምህ እንጀራ ሊቋረጥ ነው። ነገ በጠዋት ማን ያድርሰው?» ከወዲያ ማዶ «እኔ፣ አባባ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እነሆ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። አድማሱ በአዲሱ መኪናው ጠዋት ጠዋት ይመጣል። የእሱ መንገድ ወደ ለሃቪም፣ የእኛው ወደ ኤመቅ ሳራ፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ነው። ያም ሆኖ ቀርቶ አያውቅም። ፒክአፑ ሕንፃችን ሥር ቆሟል፤ እነዚያ ሊቃውንት ማታ ማታ ጭነት ማስቀመጫው ላይ ተቀምጠው ለሌላ ሰው መኪና ይመርጣሉ።

«ብዲካ ብንወስደው ኖሮ…» እለዋለሁ ጠዋት ላይ ፈንታሁንን።

«ብንወስደው አንገዛውም ነበር» ይለኛል ሻዩን እየጠጣ። «ባንገዛው ደግሞ አድማሱ በምን ዕዳው ይወስደኝ ነበር? ይኼኔ ተባርሬአለሁ።»

ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ምን ይባላል? ነገሩ ቅጥ ያጣ ነው፤ ይባስ ብሎ እውነት ነው። አንጀቱን የሚቆርጥ መልስ ሳሰናዳ ከታች የአድማሱ ክላክስ ይሰማል። ባሌ ገና ጫማውን እየፈለገ ነው። ምሳውን አንጠልጥዬ በደረጃው ቁልቁል የምሮጠው እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ዘመድ አቁሞ ማስጠበቅ ነውር ነው።